የሜፕል ሽሮፕ ለማጥለል ውድ መሣሪያ አያስፈልግም

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

በሚኒሶታ ለምትኖሩና ጓሮአችሁ የሜፕል ዛፍ ላላችሁ ወገኖቼ ነው የምጽፈው። በመጋቢት ከዛፉ የሚንጠባጠበውን ፈሳሽ መቀቀል ብዙዎቻችን እንችልበታለን፤ 40 ሊትሩ ወደ 1 ሊትር ወፍራም ጣፋጭ ሽሮፕ እስኪወርድ መታገሥ ነው። የሚያስቸግረው ማጥለሉ ነው። ፈሳሹ ሲወፍር በውስጡ ያለው ማዕድን አሸዋ መሰል ዝቃጭ ይሆናል። ጤና አይጎዳም፤ ግን ሽሮፑን ያደፈርሳል፣ ጥርስ ላይም ይንኮሻኮሻል።

ለዚህ ብዙ ገንዘብ አውጡ የሚሉትን አልስማማባቸውም። ወፍራም የሱፍ ማጥለያ በፈላ ውኃ ነክሮ፣ ውስጡን በስስ ጨርቅ ደርቦ፣ ሽሮፑን ከምድጃ እንደወረደ ማፍሰስ ይበቃል። ከቀዘቀዘ አይወርድም። ስሱ ጨርቅ ሲደፈን እሱን ብቻ አንሱት። ማጥለያውን እባካችሁ አትጭመቁት፣ በሳሙናም አትጠቡት፤ የሳሙናው ሽታ ያን ሁሉ ድካም ያበላሻል። የቡና ማጥለያ ወረቀት ወዲያው ስለሚደፈን አልመክርም።

ሱፉን መግዛት ያልቻለ ሽሮፑን ሙቀት በሚችል ጠርሙስ ፍሪጅ ውስጥ ያቆየው። ዝቃጩ ሲረጋ ጥሩውን ከላይ በቀስታ ይቅዳ። ከዚያ እስከ 85 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አሙቆ ማሸግ ነው፤ ዳግመኛ ከፈላ አዲስ ዝቃጭ ይፈጥራል።

አክባሪያችሁ፣
ከሚኒሶታ