የአባባ የሕይወት ታሪክ እንዲህ ይጻፍ

ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ
ጥቅምት 8 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለውድ እህቴ፣

ለጤናሽ እንደምን አለሽ? እማዬስ እህል መቅመስ ጀመረች? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። እናንተን ያጽናልን።

ለአርባው እንዲነበብ ያዘጋጃችሁት የአባባ የሕይወት ታሪክ ደርሶኝ ደጋግሜ አነበብኩት። እጃችሁ ይባረክ። ግን እንዳለ እንዲነበብ አልፈልግም። «ደግ፣ እንግዳ ተቀባይ፣ ቤተ ክርስቲያን ሳሚ ነበሩ» ይላል። እውነት ነው። ሆኖም ስሙን ብቻ ቀይረን ለሌላ ሟች ብናነበው ማንም አያውቅብንም። አባባ 47 ዓመት ያገለገለው አገልግሎት እየተቆጠረ ይነገርለት። እንዴት ቢጻፍ እንደሚሻል ከዚህ በታች ዘርዝሬልሻለሁ፤ ከወንድማችን ጋር ሆናችሁ አስተካክሉት።

አስቀድመን ቀኑን እናጥራ፤ ስልክ ላይ እየተምታታ ነው። ያረፈው መስከረም 20 ነው። ያረፈበት ቀን አንድ ተብሎ ሲቆጠር አርባው ጥቅምት 29 ቅዳሜ ይውላል። ሰማንያው ታኅሣሥ 9 ሐሙስ ነው፤ ጾመ ነቢያት ኅዳር 15 ስለሚገባ የዚያን ቀን ማዕዱ የጾም ይሁን፤ ቅቤም ሥጋም አታስቡ። መንፈቁም መጋቢት 19 ገደማ ስለሆነ ዐቢይ ጾም ውስጥ ነው። ከዚያ ወዲያ ግን አታዘግዩት፤ ሆሳዕና መጋቢት 27 ነው፣ በሰሙነ ሕማማት ደግሞ ፍትሐት አይደረግም። ለፍትሐቱ የሚጠራው የክርስትና ስሙ ነውና ከነፍስ አባቱ ጠይቃችሁ በትክክል ጽፋችሁ ላኩልኝ። እዚህም እሑድ ጥቅምት 30 ከቅዳሴ በኋላ እናስደርጋለን።

ጽሑፉን ከዕድሩ ጀምሩ። «የዕድሩ ጸሐፊ ነበሩ» ብላችሁ ካለፋችሁ ዕድሩን ለማያውቅ ወጣት ምንም አልነገራችሁትም። ሥራው ይጻፍ። በየወሩ የመጀመሪያ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ጠረጴዛውን አውጥቶ መዋጮ ይቀበላል፤ በአባሉ ደብተርና በዋናው መዝገብ ሁለቱም ላይ ይፈርማል። አንዱ ላይ ብቻ ከተፈረመ ከዓመት በኋላ «ከፍያለሁ፣ አልከፈልክም» የሚባለው ጠብ ይነሳል። ሰው ሲሞት ሌሊት የሚንኳኳው የእኛ በር ነበር። መጀመሪያ የሚያደርገው መዝገቡን መግለጥ ነው፤ ሟቹ በአባሉ ቤተሰብ ዝርዝር ውስጥ አለ ወይ? አባሉ ራሱ ነው፣ ልጅ ነው፣ ወይስ የባለቤቱ ወላጅ? ክፍያው እንደዚያው ይለያያልና። ቀጥሎ ጥሩምባ ነፊውን ይቀሰቅሳል። የሟቹን ስም፣ የቀብሩን ሰዓትና ደብሩን በወረቀት ጽፎ ነበር የሚሰጠው። በቃል ከተነገረ የደብሩ ስም መንገድ ላይ ይለወጥና ለቀስተኛው ሌላ ቤተ ክርስቲያን ሄዶ ይቆማል። ተረኞቹን ጠርቶ ድንኳኑን ሳይነጋ ያስተክላል።

ከሁሉ በላይ ግን ይህ እንዳይቀር፤ በደንባችን 3 ወር መዋጮ ያልከፈለ አባል የሐዘን ክፍያ አያገኝም። ዕድር የሚፈርሰው እዚህ ላይ ነው። አባወራው ሥራ ያጣል፣ ከቤቱ ሰው ይደብቃል፣ ሚስቱ ውዝፉን የምታውቀው ሬሳው መሬት ላይ ሆኖ ነው። አባባ ሦስተኛውን ወር አይጠብቅም። ሁለተኛው ወር እንዳለፈ ማታ ማታ ቤቱ ድረስ ሄዶ ለብቻው ያናግረዋል፤ የከበደው ከሆነ ጉዳዩን ለዕድሩ ዳኛ ነግሮ ውዝፉ ተከፋፍሎ እንዲከፈል ያስወስናል። ጥያቄውን ለስብሰባ ሲያቀርብ የአባሉን ተራ ቁጥር እንጂ ስሙን አይጠራም ነበር። እናንተም ስም አትጥሩ፤ ያን ጊዜ የታገዙት ሰዎች ድንኳኑ ውስጥ ተቀምጠው ይሰማሉ።

የድንኳኑንም ነገር አትናቁት። ሸራ እርጥብ እንደሆነ ከታጠፈ ይሻግታል፤ ከሸራው በፊት ክሩ ስለሚበሰብስ በሚቀጥለው ሐዘን ሲወጠር ስፌቱ ይተረተራል። ስለዚህ ክረምት ላይ ድንኳን ከተነቀለ በኋላ ፀሐይ የወጣ ቀን ይጠብቃል፣ ገልብጦ ያሰጣዋል፣ ሁለቱም ፊት ሳይደርቅ መጋዘን አያስገባም። ቋሚዎቹ እየተቀያየሩ ጣራው ስለሚጎብጥና ዝናብ ስለሚያቁር እያንዳንዱ ላይ ቁጥር በቀለም የጻፈው እሱ ነው። ሳህንና ብርጭቆውን፣ ብረት ድስቱን ቆጥሮ ያስረክባል፣ ቆጥሮ ይረከባል። የሴቶች ዕድሮቹን ጠይቂያቸው፣ ካንቺ በላይ ይነግሩሻል።

ወደ ቤተ ክርስቲያኑ አገልግሎት ስትመጡ ዘመኑን አስቀምጡለት። ሰበካ ጉባኤ የሚመራበት የቤተ ክርስቲያን ደንብ፣ ቃለ ዓዋዲው፣ የወጣው በ1965 ዓ.ም. ነው። በ1967 የካቲት ላይ የገጠር መሬት፣ ሐምሌ ላይ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ሲወረስ አብያተ ክርስቲያናት ከመሬትና ከኪራይ ያገኙት የነበረው ገቢ ቀረ። የካህናቱ ደመወዝ፣ ዕጣኑ፣ ጧፉ፣ መገበሪያው (ለቁርባን የሚሆነው ስንዴ) ሁሉ ምእመናን በሚያዋጡትና በሙዳየ ምጽዋት ላይ ወደቀ። አባባ የሰበካ ጉባኤው ገንዘብ ያዥ የሆነው በ1971 ነው። ቤተ ክርስቲያን መመላለስ ከሥራ በሚያስገመግምበት ዘመን በስሙና በፊርማው ደረሰኝ መቁረጥ ምን ማለት እንደነበር የዛሬ ልጆች ካልተነገራቸው አይገባቸውም።

ሙዳየ ምጽዋቱ ሦስት ቁልፍ ነበረው፣ ሦስት ሰው ይይዘዋል፤ አንዱ ከቀረ አይከፈትም። ምንጣፍ ላይ ይዘረገፋል፣ ሳንቲሙ በየዓይነቱ ይለያል፣ ብሩ በመቶ በመቶ ይታሰራል፣ ሁለት ሰው ለየብቻ ቆጥሮ ድምሩ ካልገጠመ እንደገና ይቆጠራል። ቃለ ጉባኤው ሳይፈረም ማንም አይነሳም። በሚካኤል ክብረ በዓላት፣ ኅዳር 12 እና ሰኔ 12፣ ብዙ ገንዘብ ይገባል፤ አባባ ግን በበዓሉ ማታ አያስቆጥርም ነበር። ማታ የተቆጠረ ገንዘብ የሆነ ሰው ቤት ማደሩ ነው፤ ከዚያ ሐሜት ይመጣል። ጠዋት አስቆጥሮ በዚያው ባንክ ያስገባል። 47 ዓመት አንድም ቀን ጎደለ ያልተባለው በዚህ ሥርዓት ነው፤ ሥርዓቱ ራሱ ይነበብለት።

መገበሪያውን የሚገዛውም እሱ ነበር። ስንዴው ነጭና ሙሉ ፍሬ መሆን አለበት፤ እናቶች አንድ በአንድ ይለቅሙታል። ወፍጮ ቤት ሲወስደው ቀድሞ የተፈጨ ሽንብራ ወይም ጤፍ ድንጋዩ ላይ ስለሚቀር መጀመሪያ ሁለት ኪሎ የራሳችንን ስንዴ ያስፈጭና ያንን ወደ ቤት ያመጣል፤ የመገበሪያው የሚፈጨው ከዚያ በኋላ ነው። እማዬ በየወሩ የምትጋግረው ዳቦ ከዚያ ዱቄት እንደነበር ታስታውሺያለሽ። ዘቢቡንም የሻገተና የተጣበቀ እንዳይሆን እጁ ላይ በትኖ ሳያይ አይገዛም።

ስለ ጥምቀት አንድ አንቀጽ ይበቃል። ታቦተ ሚካኤል የሚገባው ጥር 12፣ ቃና ዘገሊላ ስለሆነ እንደሌሎቹ አንድ ሌሊት ሳይሆን ሁለት ሌሊት ይታደራል፤ የጥበቃው ተራ፣ የካህናቱ ምግብና ውኃ ሁሉ በእጥፍ ነው። የተራው ዝርዝር በእጁ ጽሑፍ መዝገቡ ውስጥ አለ።

አሁን ስለ አጻጻፉ። ከሦስት ገጽ አይብለጥ፤ ቀስ ተብሎ ሲነበብ አሥር ደቂቃ ይወስዳል፤ ከዚያ ካለፈ ሰው መነጋገር ይጀምራል። «አባባ» ብላችሁ ሳይሆን «አቶ» ብላችሁ በእሳቸው ጻፉት። የልደቱን ዘመን 1947 ብላችሁታል፤ ያ ከጉዞ ወረቀቱ የተወሰደ የፈረንጅ ቁጥር ነው። የተወለደው ጥር 1939 ነው፣ ያረፈው በ78 ዓመቱ ነው። የጡረታ ደብተሩን አመሳክሩ። የልጆች ዝርዝር ላይ አባባ እማዬን ከማግባቱ በፊት የተወለደው ታላቃችን መጀመሪያ ይጠራ፤ ያዘጋጃችሁት ላይ የለም። ይህን እለምንሻለሁ። የእሱ ስም ከቀረ የቀረው ጽሑፍ ሁሉ ዋጋ የለውም። አንባቢው ከእኛ ከልጆቹ አይሁን፣ መካከል ላይ ድምፁ ይቋረጣል፤ የአክስታችን ልጅ ያንብበው። ፊደሉ ጎላ ይበል፣ በአንድ ፊት ብቻ ይታተም፣ ገጹ ቁጥር ይኑረው።

ከአርባው በፊት ግን አንድ የማይዘገይ ነገር አለ፤ ቁም ሳጥኑ። ዋናው መዝገብ፣ ያልተቆረጡት ደረሰኞች፣ የዕድሩ ማኅተም፣ የመጋዘኑ ቁልፍና ከሙዳየ ምጽዋቱ ቁልፎች አንዱ እዚያ ናቸው። ስለ ሐዘኑ ብለው ደፍረው አልጠየቋችሁ ይሆናል። እናንተ ጥሯቸው፤ የመጨረሻው ደረሰኝ ቁጥር ተጽፎ፣ ሁለት ምስክር ፈርሞ ርክክብ ይደረግ፣ አንድ ቅጂ ቤት ይቅር። የዕድሩ የባንክ ሒሳብ ከፈራሚዎቹ አንዱ አባባ ስለሆነ ጉባኤው ቃለ ጉባኤ ጽፎ ፈራሚ ካልተካ ገንዘብ አይወጣም። እስከዚያ ሌላ ሰው ቢሞት ቤተሰቡ ባዶ እጁን ይቀራል። አባባ ይህን አይወድም።

ድግሱን አታብዙት። ቅዳሜ ስለሆነ ቅዳሴው በጠዋት ያልቃል፣ ፍትሐቱ ይከተላል፤ ካህናቱና ነዳያኑ ቀድመው ይስተናገዱ። ጠላው እንዲደርስ ጊዜ ስለሚፈልግ እስከ ጥቅምት 13 መጠንሰስ አለበት፤ የጥቅምት ብርድ ያዘገየዋልና ጋኑን በጆንያ ጠቅልሉት። ጽሑፉ እናንተ ጋ ከቀኑ 6 ሰዓት ሲነበብ እዚህ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ነው፤ እንነሳለን፣ ስልኩን ድምፅ ማጉያው አጠገብ አድርጉልን።

የሐውልቱን ነገር እዚህ ያሉት ወንድሞቻችን በእብነ በረድ ይሠራ ብለዋል። እኔ የምለው አንድ ክረምት ይለፍበት ነው። አዲስ የተቆፈረ አፈር ዝናብ ሲጠጣ ይሰምጣል፣ ከላዩ የተጫነው ድንጋይ ይሰነጠቃል ወይም ያጋድላል። ለሙት ዓመቱ፣ በመጪው መስከረም ይደርሳል። እስከዚያ ካዋጣነው ላይ ለዕድሩ አዲስ የድንኳን ሸራ እንዲገዛ ተስማምተናል፤ የአሁኑ ስፌቱ ስንት ጊዜ እንደተጠገነ አባባ ራሱ መዝገቡ ላይ ጽፎታል። አዲሱ ሸራ በነበሩት ቋሚዎች ላይ እንዲገጥም ልኩ ያስፈልገናል። ወንድማችን መጋዘኑን አስከፍቶ የመሐሉንና የዳሩን ቋሚ ርዝመት ለየብቻ፣ በሁለቱ ቋሚ መካከል ያለውን ርቀትም በሜትር ለክቶ፣ አባባ የጻፈውን ቁጥር ከጎኑ እያደረገ እስከ እሑድ ይላክልኝ።

እማዬን ጉልበቷን ሳሚልኝ።

ወንድምሽ