የካስ ባቡር አይዘንጋ

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፦

ስለ ጥንታዊ ባቡሮች ያወጣችሁትን ጽሑፍ ወድጄዋለሁ፤ የግንድ ማመላለሻዎቹን ማለፋችሁ ግን ቅር አሰኝቶኛል። ዌስት ቨርጂኒያ፣ ካስ ያለው መስመር እ.ኤ.አ. በ1901 የተዘረጋው ከተራራው ግንድ ለማውረድ ነበር። በ1905 የተሠራችው ባለ 5 ቁጥሯ፣ ሼይ የሚባለው ዓይነት የእንፋሎት ባቡር፣ ዛሬም እዚያው ናት። ከዋሽንግተን በመኪና ሄጄ አጠገቧ ቆሜያለሁ። ሲሊንደሮቿ በቀኝ ጎኗ ሽቅብ የቆሙ ናቸው፤ ጉልበታቸው በዘንግና በጥርሳም ማርሽ አማካይነት ለሁሉም ጎማዎች ይዳረሳል። ተራ ባቡር የሚያቅተውን ዳገት እያዘገመች ትወጣዋለች። የከሰሉ ጭስ ሽታ እቤት እስክገባ ከልብሴ አልለቀቀም። የግንድ ማውረዱ ሥራ በ1960 ሲቆም ከቁርጥራጭ ብረትነት ያተረፋት ግዛቱ መስመሩን መግዛቱ ነው፤ በ1963 ለጎብኚ ተከፈተ። እባካችሁ ለእነዚህ ባቡሮችም አንድ ገጽ ስጡልን።

አንባቢያችሁ፣ ከቨርጂኒያ