12 ደቂቃ? ከየት መጥቶ!

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

ጤና ይስጥልኝ። ባለፈው ሳምንት ስለ ሃዋይ ያወጣችሁትን የጉዞ ጽሑፍ ወድጄዋለሁ። አንድ ቦታ ላይ ግን ሳቄ መጣ። ከሆኖሉሉ እስከ ማዊ ደሴት፣ ካሁሉዊ አየር ማረፊያ ድረስ 161 ኪሎ ሜትር ነው ብላችኋል። ልክ ነው። ቀጠላችሁና፣ ጄት በሰዓት 800 ኪሎ ሜትር ስለሚበር መንገዱ የ12 ደቂቃ ነው አላችሁ። እዚህ ላይ እንኳ አልስማማም።

እኔም በዚሁ ስሌት ተሸውጃለሁ። አምና እናቴን ይዤ ከሲያትል ለሰርግ ስሄድ፣ ማዊ ላይ የሚቀበለን የአክስቴ ልጅ ነበር። በመነሻው ሰዓት ላይ 15 ደቂቃ ደምሬ “ድረስልን” አልኩት። ምስኪን፣ መኪናውን አቁሞ ሲጠብቅ ጥበቃዎቹ ሁለቴ አባረውታል። እኛ ያኔ ገና ሆኖሉሉ መሬት ላይ ነን። በሩ ተዘግቶ፣ አውሮፕላኑ እየተንቀራፈፈ ወረፋ ይጠብቃል።

ቲኬት ላይ የሚጻፈው ጊዜ አውሮፕላኑ ከመነሻው በር ተላቆ መድረሻው በር ላይ እስኪቆም ያለው ነው። በዚህ መስመር 40 ደቂቃ አካባቢ ይሆናል። አየር ላይ የሚቆየው የዚህን ግማሽ ትንሽ ቢያልፍ ነው። 800 የሚባለው ፍጥነትም ከፍ ብሎ ሩቅ ለሚሄድ ነው። አሜሪካ ውስጥ ከ10,000 ጫማ በታች ከ250 ኖት፣ ማለትም በሰዓት ከ460 ኪሎ ሜትር ገደማ በላይ መብረር አይፈቀድም። እዚህ መስመር ላይ ደግሞ ወጣ ከማለቱ መውረድ ይጀምራል። አስተናጋጇ በፎይል የታሸገች ትንሽ ጭማቂ አደለችን። እናቴ ክዳኑን ልጣ ሁለቴ ፉት ሳትል ያቺው ልጅ የቆሻሻ ፕላስቲክ ይዛ መጣች። “ምነው ልጄ፣ ምን አስቸኮላቸው?” አለችኝ።

161ም ቢሆን ካርታ ላይ የተሰመረ ቀጥታ መስመር ነው። ማዊ ላይ ነፋሱ አብዛኛውን ጊዜ ከሰሜን ምሥራቅ ይመጣል። አውሮፕላን ደግሞ የሚያርፈው ነፋሱን ፊት ለፊት ይዞ ነው። ስለዚህ ከሆኖሉሉ የመጣው በደቡብ በኩል ይዞርና፣ በሁለት ተራሮች መሃል ባለው ሜዳ ላይ ወደ ሰሜን ይገባል። እናቴ መንገድ የጠፋበት መስሏት አማተበች። በመርከብ እንሂድ እንዳይባል፣ ሆኖሉሉንና ማዊን ያገናኝ የነበረው የመንገደኞች መርከብ እ.ኤ.አ. በ2009 ቆሟል።

የስኮትላንዶቹን ደሴቶች፣ ዌስትሬይንና ፓፓ ዌስትሬይን እዩ። በአየር ማረፊያዎቻቸው መሃል ያለው 2.7 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው፤ 3.8 ኪሎ ሜትር ከሆነው የቦሌ ማኮብኮቢያ እንኳ ያንሳል! ትንሿ አውሮፕላን በፕሮግራሟ 2 ደቂቃ ተይዞላታል። ነፋሱ ተስማምቶ በ53 ሰከንድ የተጠናቀቀበት ጊዜም አለ። በእናንተ ስሌት ግን 12 ሰከንድ ነው የሚሆነው።

እባካችሁ ለወደፊቱ ከኪሎ ሜትሩ ጎን ቲኬቱ ላይ ያለውን ጊዜ ጻፉልን። የአክስቴ ልጅ እስካሁን ይተርበኛል።

ከአክብሮት ጋር፣
አንባቢያችሁ ከሲያትል