ማሽኑን ከመሸጥሽ በፊት

ይድረስ እንደ እህቴ ለምወድሽ ጓደኛዬ፣

እንደምን ከርመሻል? ልጆቹስ? መቼም አድገው ይሆናል። እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ጅማም እንደምታውቂያት ናት፤ ጠዋት ፀሐይ፣ ከሰዓት ዝናብ፣ ማታ ጭቃ።

ከተደዋወልን ስንት ጊዜ ሆነን! ማን ለማን መደወል ነበረበት የሚለውን እንተወው፤ ሁለታችንም ሩጫ ላይ ነበርን። አሁን የምጽፍልሽ አንድ ነገር ሰምቼ ነው። እናትሽ እድር ላይ እናቴን አግኝታ፣ የልጆች ልብስ የምትሸጪበትን ቻናል እንደዘጋሽ፣ ለስፌት ማሽኑም ገዢ እያፈላለግሽ እንደሆነ ነግራታለች። "ንግድ ለኔ አልተፈጠረም" ብለሻል አሉ። በጣም አዘንኩ። ያንን አባባል በደንብ አውቀዋለሁ። እኔ ጋም ብዙ ሌሊት አድሯል።

የበርጩማውን ሥራ ስጀምር ያበረታታሽኝ አንቺ ነሽ። የቻናሉንም ስም ያወጣሽልኝ አንቺ። የጅማ በርጩማ ከአንድ ግንድ ተጠርቦ ነው የሚወጣው፤ ሚስማር የለው፣ ሙጫ የለው። ባለ ሦስት እግር ስለሆነ ወለሉ ወጣ ገባ ቢሆንም አይንገዳገድም። እንዲህ ያለ ዕቃ ፎቶው ይለጠፍ እንጂ ገዢ አያጣም ብለን ነበር።

የመጣው ግን "ዋጋ?" የሚል ጥያቄ ነው። ዋጋውን ትነግሪዋለሽ፣ አይቶ ዝም። "የመጨረሻውስ?" ይልሻል፣ ትቀንሺለታለሽ፣ ይጠፋል። አንዳንዱ ደግሞ አድራሻ ሰጥቶ፣ ዕቃው አዲስ አበባ መናኸሪያ ከደረሰ በኋላ ስልኩን ያጠፋል። ለአውቶቡሱ ረዳት መላኪያውን የምከፍል እኔ፣ መመለሻውንም የምከፍል እኔ። ሰፈር ውስጥ "ዩኒቨርሲቲ ጨርሳ በርጩማ ትሸጣለች" ይባላል። ቲክቶክ ስከፍት ሌላው ሁሉ ካርቶን እያሸገ፣ "አልቋል፣ ቀጣዩን ጠብቁ" እያለ ነው። ማታ ስተኛ ይኼ ሁሉ አንድ ላይ ይመጣና አንድ ነገር ብቻ ይለኛል፦ ጥፋቱ ያንቺ ነው፣ አትችይም።

ከየካቲት 2015 ጀምሮ ቴሌግራም፣ ፌስቡክ፣ ዩቲዩብና ቲክቶክ ያለ ቪፒኤን አልከፈት ያሉበትን ጊዜ ታስታውሺዋለሽ። እስከ ሐምሌ ድረስ ቆየ። ሱቄ ያለው ስልክ ውስጥ ነው፤ ስልኩ ውስጥ ያለው በር ተዘጋ ማለት ነው። ይኼን እያወቅኩ፣ ሲከፈት የድሮ ደንበኞቼ ሳይመለሱ ሲቀሩ "ዕቃዬን ጠልተውት ነው" ብዬ ደመደምኩ። ከደንበኞቼ አንዷን ኋላ በአጋጣሚ ሳገኛት ያለችኝ ሌላ ነው። ስልክ ቀይራ ቻናሉ ጠፍቶባት ኖሯል።

ቀጥሎ የሐምሌ 2016 የምንዛሪ ለውጥ መጣ። በጥቂት ሳምንታት ውስጥ አንድ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ ከ100 ብር አለፈ። እንጨቱ የጅማ ነው፤ ቫርኒሹና ብርጭቆ ወረቀቱ ግን ዋጋቸው ከዶላሩ ጋር ይወጣል። ያንቺም ጨርቅ፣ ክር፣ ዚፕ እንደዚያው ነው። እንደማውቅሽ ደንበኛ እንዳይሸሽ ብለሽ በድሮው ዋጋ ሸጠሻል። እንደዚያ ከሆነ ጉልበትሽን በነፃ ስትሰጪ ከረምሽ ማለት ነው። ዋጋው ልክ አልነበረም፤ ስፌትሽ ላይ ግን ምንም ነውር አላየሁበትም። ለእህቴ ልጅ የላክሽው ቀሚስ እስካሁን አንድ ክር አልተፈታውም።

የሁሉም የከፋብኝ ግን የድሬዳዋው ነው። አንዲት ሴት ለቡና ማፍያ ብላ በርጩማ አዘዘችኝ። ደርሷት ብዙም ሳይቆይ ከመሃል እስከ ጠርዝ ተሰንጥቆ ፎቶውን ላከችልኝ። ገንዘቧን በቴሌብር መለስኩላትና ቻናሉን ልዘጋ ተነሳሁ። ጠራቢው ሽማግሌ ዘንድ የሄድኩት ሥራውን መተዌን ልነግራቸው ነበር። እሳቸው ፎቶውን አይተው ምንም አልደነገጡም። "ውሃው አልወጣም ነበር" አሉኝ። ዋንዛ እርጥብ እያለ ነው ለመጥረብ የሚመቸው። ጅማ አየሩ እርጥብ ስለሆነ ቀስ ብሎ ይደርቃል፤ እንደ ድሬዳዋ ያለ ደረቅና ሞቃት አገር ሲሄድ ግን ከላይ ያለው ቶሎ ደርቆ ይሰበሰባል፣ ውስጡ ገና እርጥብ ነው፣ ስለዚህ ይሰነጠቃል። ከተጠረበ በኋላ ሰጋቱራ ውስጥ ተቀብሮ፣ ጥላ ሥር ወራት መቆየት አለበት። አሁን ወደ ቆላ የምልካቸውን ለብቻ አስቀምጣለሁ፤ ስንጥቁም በጣም ቀነሰ።

ከዚያ ቤት ስመለስ መንገድ ላይ የገባኝን ነገር ነው ልነግርሽ የፈለግኩት። ጥርጣሬ መለየት አይችልም። ኔትወርክ ተዘጋ፣ ጥፋቱ ያንቺ ነው ይልሻል። ዶላር ወጣ፣ ያንቺ ነው። እንጨት ተሰነጠቀ፣ ያንቺ ነው። መለየት ያለብን እኛ ነን። እኔ አሁን አንድ ነገር ሲበላሽ፣ ይኼ በእጄ ያለ ነገር ነው ወይስ አይደለም ብዬ እጠይቃለሁ። የእንጨቱ መድረቅ በእጄ ነው፤ ተማርኩት። ቀብድ ሳልቀበል ዕቃ አለመጫንም በእጄ ነው፤ ጀመርኩት፣ ስልክ የሚያጠፋውም ሰው አነሰ። መንገድ ሲዘጋ ግን ቁጭ ብዬ ከመጠበቅ በቀር የማደርገው የለም። ያን ቀን በራሴ ላይ አልፈርድም። ሁልጊዜ ይሳካልኛል ማለቴ አይደለም፤ አንዳንድ ሌሊት አሁንም እንቅልፍ አጣለሁ።

ሥራው አሁንም ብቻውን አያኖረኝም፤ ግማሽ ቀን ሌላ ቦታ እሠራለሁ። ግን ቆሟል። ትልቁ ትእዛዝ ከየት እንደመጣ ብነግርሽ ትገረሚያለሽ፤ እዚሁ ጅማ ውስጥ እንግዳ ማረፊያ የሚከፍት ሰው ቻናሉን አይቶ፣ በእግሩ ሄርማታ ሰፈር ድረስ መጥቶ ዕቃውን ዳሶ አዘዘ። ለካ ዝም ብለው የሚያዩም ሰዎች አሉ። ያንቺንም ቻናል እንዲህ ያዩት የነበሩ እናቶች እንዳሉ አልጠራጠርም።

ማሽኑን ለመሸጥ ቆርጠሽ ከሆነ አልከራከርሽም። ኑሮሽን የምታውቂው አንቺ ነሽ። ከዚያ በፊት ግን አንድ ሥራ አለኝ። ደንበኞቼ ለበርጩማው የሚሆን ክብ ትራስ ይጠይቁኛል፤ እዚህ እንደ አንቺ ጠርዙን አስተካክሎ የሚሰፋልኝ አላገኘሁም። ለናሙና በሁለት ልክ ሰፍተሽ ላኪልኝ። ዋጋውን አንቺ ቁረጪ፤ የጨርቁን ብቻ ሳይሆን የእጅሽንም ጨምሪበት። አሳንሰሽ ብትጽፊ አልቀበልሽም፣ ከወዲሁ እወቂው። ቀብዱን ያንኑ ቀን እልክልሻለሁ።

የበርጩማዎቹን ልክ ነገ ለክቼ በቴሌግራም እልክልሻለሁ። መልሱን ግን እንዳትጽፊልኝ፤ ደውዪልኝ፣ ድምፅሽ ናፍቆኛል። ማታ ከ2 ሰዓት በኋላ ቤት ነኝ። ልጆቹን ሳሚልኝ።

የዘወትር ጓደኛሽ፣
ከጅማ