የቀረበት ቀን፦ 19

ውድ ልጄ፣

ሰላምሽ ይብዛ። እኛ ደህና ነን። ደሴ ብርዱ ጠንክሯል፤ ጦሳ በጉም ከተሸፈነ ሦስት ቀኑ ነው። እናትሽ ጉልበቷን ታማለች እንጂ ዱዓዋን አላቋረጠችም።

ወሬውን የነገረኝ አጎትሽ ነው። ለኤምቢኤ፣ ለቢዝነስ አስተዳደር ማስተርስሽ፣ ሙሉ ስኮላርሺፕ የሰጠሽን ትምህርት ቤት ትተሽ፣ በጋዜጣው የደረጃ ዝርዝር ከፍ ብሎ ወደተጻፈው በብድር ልትሄጂ ነው አለኝ። የጎደለውን ወንድምሽ ከጅዳ ሊሞላልሽ። ይህን ከሌላ ሰው አፍ መስማቴ ከፍቶኛል። ምን እንደተቆጠረ ሳታውቂ አትፈርሚ።

እኔ 31 ዓመት ሮስተር ስሞላ የኖርኩ ሰው ነኝ። መብራት ሲጠፋ ኩራዝ ይዘሽልኝ ነጥብ ስደምር አብረሽኝ አምሽተሻል። በ7ኛውና በ15ኛው መካከል አንዳንዴ ያለው 1 ነጥብ ተኩል ነበር። ካርዱ ላይ ግን 7 እና 15 ተብሎ ይጻፋል፤ ወላጅም እሱን ይዞ ይቆጣል።

ያን ፋይናንሻል ታይምስ የሚሉትን የእንግሊዝ ጋዜጣ የጎረቤታችን ልጅ በስልኩ አውጥቶልኝ አሠራሩን አየሁት። የኤምቢኤውን ደረጃ ማውጣት የጀመረው በ1999 ነው (ዓመቶቹ የፈረንጅ ናቸው)። ተማሪው በተመረቀ በ3ኛው ዓመት ስንት እንደሚከፈለው ይጠይቁታል። ደመወዙና የደመወዙ ጭማሪ እስከ 2022 ድረስ ከ100ው 40 ይይዙ ነበር፤ በ2023 ወደ 32 አወረዱት። እንግዲህ ትምህርት ቤቱ ምንም ሳይሠራ ደረጃው ሊወጣም ሊወርድም ይችላል ማለት ነው። ከሁሉ የገረመኝ ግን፣ በመንግሥትና በበጎ አድራጎት ሥራ ያለ ሰው ደመወዝ ከስሌቱ ይወጣል። አንቺ ተመልሼ እዚሁ ወሎ በመንግሥት ሥራ ገበሬውን ከገበያ አገናኛለሁ አላልሽኝም? ያንቺ ደመወዝ እዚያ ስሌት ውስጥ ቦታ የለውማ!

ሮስተር የሚያበላሽም አይጠፋም። ፊላደልፊያ ያለው የቴምፕል ዩኒቨርሲቲ በኢንተርኔት የሚያስተምረው ኤምቢኤ ዩኤስ ኒውስ በሚባለው የአሜሪካ ደረጃ አውጪ ዝርዝር 4 ዓመት ተከታትሎ 1ኛ ወጣ። የላኩት ቁጥር ሐሰት ሆኖ ተገኘና የቢዝነስ ትምህርት ቤቱ ዲን የነበረው ሰው በ2022 14 ወር ተፈረደበት። እኛ ዘንድ ቢሆን በማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ያልፍ ነበር።

ወንድምሽ 8ኛ ክፍል ሳለ ከ63 ተማሪ 24ኛ ወጣ። ከዚያ በፊት ከ5ኛ ወርዶ አያውቅም። ካርዱን እንግዳ ፊት ለሁለት ቀደድኩት። ሌላም የማልደግመውን ተናገርኩ። እሱ መሬት መሬቱን እያየ ቆመ። ማታ እናትሽ ሁለቱን ቁራጭ ገጥማ መብራቱ ሥር አስቀመጠችልኝ። ከደረጃው ሁለት መስመር ዝቅ ብሎ «የቀረበት ቀን፦ 19» ይላል። ሐይቅ፣ አያትሽን ሊያስታምም ሲመላለስ ነበር። ሮስተር አለብኝ ብዬ እሱን የላክሁትም እኔ ነበርኩ። ሁሉን አውቃለሁ፤ ካርዱን ስቀበል ግን ዓይኔ ያየው አንዷን ቁጥር ነው።

ይቅርታ አልጠየቅሁትም። 10ኛ ክፍልን እንደጨረሰ በጅቡቲ በኩል ወጣ። አሁን ሲደውል ስለ ብር ነው የሚያወራኝ፤ ደረሰ ወይ፣ በቃ ወይ። የእናትሽ መድኃኒት፣ የቤቱ ቆርቆሮ፣ ያንቺ የቤት ኪራይ የእሱ ላብ ነው። ደግሞ ያንቺንም ደረጃ እሱ ይክፈል?

አንድ ሪያል እንዳትቀበይው። ምን እንደተቆጠረ ሳታውቂም አትፈርሚ!

አባቴ ካርዴን አይቶልኝ አያውቅም እያልሽ ለእናትሽ ታማርሪ እንደነበር ሰምቻለሁ። እሷ ነበረች የምትፈርምልሽ። ፈርቼ ነው፣ የኔ እናት። ከዚያ ወዲህ የልጄን ካርድ መያዝ አቃተኝ።

አሁን እንዲህ አድርጊ። ለሁለቱም ትምህርት ቤቶች ጻፊላቸው፤ ተምረው አገራቸው ከተመለሱት ሁለት ሰው እንዲያገናኙሽ ጠይቂ። የብድሩን ወለድ በዓመት ሳይሆን እስከ መጨረሻው ደምሪና ላኪልኝ፤ እኔም እደምረዋለሁ። ለስኮላርሺፑ መልስ የምትሰጪበት ቀን አርብ ነው ብለሻል፣ እንዳያልፍሽ። ፓስፖርትሽ መቼ እንደሚያበቃም እዪ። ለወንድምሽ ደውዪለት፤ ስለ ብር ሳታነሺ።

በርበሬ፣ በሶና ቅቤ ነገ በሚነሳው አውቶቡስ ልኬልሻለሁ። ቅቤው እንዳይቀልጥ ሐሙስ ጠዋት ሄደሽ ውሰጂው።

አባትሽ