ያንን ጠርሙስ አትንኪው

ልጄ፣ ማታ ልደውልልሽ ስልኩን አንስቼ መልሼ አስቀመጥኩት። በስልክ ከሆነ እቆጣለሁ፣ አንቺም ትዘጊብኛለሽ። ስለዚህ ልጻፍልሽ።

ወንድምሽ ነገረኝ። እንዳትቆጪው፣ ጨንቆት ነው። ለብጉርሽ ብለሽ ኢንተርኔት ላይ ከማታውቂው ሰው ፊሶሄክስ የሚባል የቆዳ ማጠቢያ መድኃኒት ገዝተሽ ጠዋትና ማታ ፊትሽን እየታጠብሽበት ነው አለኝ። ያንን ጠርሙስ አትንኪው። ማምረት የቆመ መድኃኒት እኮ ነው፣ ስንት ዓመት የት እንደተቀመጠ በምን ታውቂያለሽ?

ስሙን ስሰማ የደነገጥኩት ስለማውቀው ነው። በአንቺ ዕድሜ ሳለሁ ለአክስትሽ ሐኪም አዞላት የተረፈ ነበር። እንደ ወተት ነጭ፣ ወፈር ያለ ፈሳሽ። ተደብቄ ወሰድኩት። ብጉሬን በጥፍሬ አፈረጥኩና ገና እያዠ እላዩ ላይ ቀባሁት፤ ብዙ ከቆየ የበለጠ የሚሠራ መስሎኝ ሳልታጠበው ተኛሁ። እንዲህ ስንት ሌሊት እንዳደረግኩ እንጃ። ፊቴ ቀላ፣ ተላጠ፣ እኔ ደግሞ የተላጠውን መልሼ ፈተግኩት። ያቺ ሕፃን ሳለሽ ጣትሽን እየከተትሽ የምትጫወቺባት የጉንጬ ጎድጓዳ የዚያን ጊዜ ናት። ወድቄ ነው ያልኩሽ ውሸት ነው።

ውስጡ ያለው ሄክሳክሎሮፊን ይባላል፣ 3 በመቶ። የቆዳ ባክቴሪያን ይገድላል፣ ግን በቆዳ አልፎ ደም ውስጥ ይገባል። ቆዳው የቆሰለ ከሆነማ ይብሳል፤ ሲበዛ አንጎልን ይጎዳል። በ1972 ፈረንሳይ ውስጥ በፋብሪካ ስህተት ይኸው ኬሚካል ከ6 በመቶ በላይ የገባበት የሕፃናት ፓውደር 36 ልጆች ገደለ። በዚያው ዓመት አሜሪካም ያለ ሐኪም ማዘዣ እንዳይሸጥ ከለከለች። አንቺ ሕፃን አይደለሽም፣ አውቃለሁ። ቢሆንም አትንኪው።

አምና መስታወት ፊት ቆመሽ «እማ፣ ፊቴን እዪው» ስትዪኝ ልብስ እያጠፍኩ «ዕድሜሽ ነው፣ ይጠፋል» አልኩሽ። ቀና ብዬ እንኳን አላየሁሽም። እናቴም ለእኔ ያለችኝ ይህንኑ ነበር፣ እኔም ከዚያ በኋላ ነው መደበቅ የጀመርኩት። ያን ቀን ቁጭ ብዬ ብሰማሽ ኖሮ ከማታውቂው ሰው ባልገዛሽ። ይቅር በይኝ የኔ ልጅ።

አሁን ስሚኝ። ብጉር ከቆሻሻ አይመጣም፣ ስለዚህ ፊትሽን አትፈትጊው። በቀን 2 ጊዜ፣ ለብ ባለ ውሃ፣ ለስላሳ ማጠቢያ፣ በቃ። አታፍርጪው! ፋርማሲ ሄደሽ ቤንዞይል ፐርኦክሳይድ የሚባለውን የብጉር መድኃኒት ጠይቂ፤ 2.5 በመቶውን፣ ጠንካራው ቆዳ ከማድረቅ ውጪ ብዙ አይጨምርልሽም። ጨርቅ ያነጣል፣ ስለዚህ ነጭ ፎጣና ነጭ የትራስ ልብስ ተጠቀሚ፣ ያቺን ሰማያዊ ሹራብሽን አርቂያት። በሳምንት ለውጥ ካላየሽ ተስፋ አትቁረጪ፣ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ይፈልጋል፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ።

ሐሙስ እመጣለሁ። የቆዳ ሐኪም ጋ አብረን እንገባለን፤ አልፈልግም ካልሽ ደግሞ ውጭ እጠብቅሻለሁ። ጠርሙሱን ክዳኑን አጥብቀሽ በፌስታል ጠቅልለሽ አስቀምጪልኝ፣ ፋርማሲ ወስደን እንዲያስወግዱት እንሰጣቸዋለን። እስከዚያ አትክፈቺው።

እናትሽ