ቀብድ ከመቀበላችን በፊት ለምን እንደምንጠይቅ፦ ለክሩዝ (የመዝናኛ መርከብ ጉዞ) ደንበኞቻችን የተላከ ደብዳቤ

ግንቦት 2018 ዓ.ም.
ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ

የተከበራችሁ ደንበኞቻችን፣

በዐቢይ ጾም መካከል ከጉዞ ወኪል ቢሯችን በስልካችሁ የደረሳችሁ አጭር መልእክት ብዙዎቻችሁን እንዳስቀየመ ተረድቻለሁ። መልእክቱ የያዘው ሁለት ነገር ነበር። የመጀመሪያው፣ የጾም ወይም ሌላ የተለየ ምግብ የሚያስፈልገው፣ ወይም በዊልቸርና በምርኩዝ የሚንቀሳቀስ ተጓዥ ካለ፣ የመርከብ ኩባንያው በጽሑፍ ሳያረጋግጥልን ቀብድ እንደማንቀበልና ጥያቄውም መርከቡ ከመነሣቱ ቢያንስ 120 ቀን አስቀድሞ ሊደርሰን እንደሚገባ ነው። ሁለተኛው፣ ከእንግዲህ በእያንዳንዱ የክሩዝ ካቢን (የመርከብ መኝታ ክፍል) 60 ዶላር የአገልግሎት ክፍያ እንደምንጠይቅ ነው። ይህን የሚያህል ነገር በሦስት መስመር፣ ያለ ማብራሪያ መላካችን ስሕተት ነበርና ይቅርታ እጠይቃለሁ። ውሳኔው ራሱ ግን ስሕተት ነው ብዬ አላምንም፤ ለምን እንደማላምን ለማስረዳት ነው ይህን የምጽፈው።

ከመጡልን መልሶች ሁሉ ያልረሳሁት «እናታችንን ስለጾመች ቀጣችኋት» የሚለውን ነው። ይህን የጻፉልን ደንበኛ ለዐሥር ዓመት ያህል የማውቃቸው ሰው ናቸው። በመጋቢት ወር የወጣውን ቅናሽ፣ ማረጋገጫው እስኪመጣ ስንጠብቅ አልፎባቸዋል፤ ዋጋው ሲጨምር እናታቸው ከቤት ቀሩ። ኀዘናቸው ይገባኛል። ነገር ግን በዚያ ዋጋ ብሸጥላቸው ኖሮ እናታቸው ምን ላይ ሊደርሱ ይችሉ እንደነበር የማውቀው እኔ ነኝ፤ የማውቀውም በራሴ እናት ስለደረሰ ነው።

ይህን ሥራ የጀመርኩት በ2009 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር፣ እንጀራና በርበሬ ከሚሸጥበት ሱቅ ጥግ አንድ ጠረጴዛ ተከራይቼ፣ የአዲስ አበባ ትኬት በመቁረጥ ነው። ከአራት ዓመት በኋላ እናቴ ከደሴ ሊጠይቁኝ መጡ። ጉልበታቸውን ያማቸው ስለነበር ብዙ መራመድ አይችሉም፤ መርከብ ደግሞ ሰው ሳይራመድ አገር የሚያይበት ነው ብዬ ለሰባት ሌሊት ይዣቸው ሄድኩ። ጊዜው ፍልሰታ ነበር። እናቴ ሳምንቱን ሙሉ በዳቦና በሐብሐብ አሳለፉ፤ በኋላም ያ ዳቦ ወተት እንዳለበት ሰማሁና እስከ ዛሬ ድረስ አልነገርኳቸውም። የመታጠቢያ ክፍሉ ደፍ ከፍ ያለ ስለነበር በገቡና በወጡ ቁጥር እጃቸውን እይዝ ነበር። ትኬቱን የቆረጥኩት እኔ፣ ሳልጠይቅ የቀረሁትም እኔ ነኝ። ከዚያ ጉዞ ወዲህ የማንንም እናት ሳልጠይቅ ላለመላክ ወስኜ ነበር፤ ውሳኔዬን ያላከበርኩበትን አንድ ጊዜ ከዚህ በታች እነግራችኋለሁ።

መጀመሪያ ስለ ምግቡ ላስረዳ። ብዙ ልጆች በኢንተርኔት ራሳቸው ሲያስመዘግቡ «ቬጀቴሪያን» የሚለውን ይመርጣሉ። በመርከቡ ወጥ ቤት ይህ ቃል ሥጋ የሌለበት ማለት እንጂ የጾም ማለት አይደለም፤ ቅቤው፣ አይቡና እንቁላሉ አብሮ ይመጣል። ለጾመኛ የሚቀርበው ቃል «ቪጋን» ነው፤ እርሱም ቢሆን ብቻውን አይበቃም። ሾርባው በዶሮ መረቅ መሠራት አለመሠራቱን፣ ዳቦው በወተት መቦካት አለመቦካቱን አስቀድሞ በጽሑፍ መጠየቅ፣ በመጀመሪያው ቀን ማታ ደግሞ የመመገቢያ አዳራሹን ኃላፊ በአካል አግኝቶ የነገውን ምግብ ከዛሬ ማዘዝ ያስፈልጋል። እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾሙ ወላጆች ሌላም ችግር አለባቸው፤ እነርሱ ለመብላት ሲነሡ አዳራሹ ምሳውን አንሥቶ ጨርሷል። ይህ ካልተነገረ ማንም ሰሃን አያስቀምጥላቸውም። ዓሣን በጾም የሚበላና የማይበላ፣ ከጾም ውጭም ቢሆን የዐሣማ ሥጋ፣ ሽሪምፕና ሸርጣን የማይነካ ሰው አለን፤ ማን እንዳረደው ሳያውቁ ሥጋ የማይቀምሱ አባቶችና እናቶችም ከክርስቲያኑም ከሙስሊሙም ወገን አሉን። ሐላል ሥጋ መርከቡ ወደብ ሳለ ካልተጫነ ባሕር መሃል ከየትም አይመጣም። በወይን የተሠራ ስጎና ጄላቲን ያለበት ጣፋጭ ደግሞ ስማቸውን ብቻ አይቶ የሚለያቸው የለም።

ለዚህ ሁሉ የመርከብ ኩባንያዎቹ የራሳቸው የጊዜ ገደብ አላቸው፤ አንዳንዱ ከመነሻው 45 ቀን፣ ለሩቅ ጉዞም 90 ቀን አስቀድሞ ይጠይቃል። እኛ 120 ያልነው መልሳቸው ሳይሟላ ሲመጣ ደግመን የምንጽፍበት ጊዜ እንዲኖረን ነው። ደግሞም የእኛ ሰው የሚጓዝበትን ወቅት አስቡት። ልጆች ትምህርት ሲዘጉ የምንሄድበት ነሐሴ ከ1 እስከ 15 ፍልሰታ ነው፤ የፈረንጆቹ ገና ዕረፍት ከጾመ ነቢያት ውስጥ ይወድቃል፤ የጸደይ ቅናሾች የሚወጡት በሑዳዴ ነው። በጾም የሚጓዝ ደንበኛ ለእኛ አልፎ አልፎ የሚመጣ እንግዳ አይደለም፤ የሥራችን ዋና ክፍል ነው።

ከቤት ስንቅ ይዞ መሄድ መፍትሔ የሚመስላችሁ ብዙ ናችሁ። በቤት የተዘጋጀ ምግብ በመርከቡ መግቢያ ፍተሻ ላይ በአብዛኛው አይታለፍም፤ አንዲት እናት በሌሊት ተነሥተው የጋገሩት እንጀራ እዚያው ወደብ ላይ ሲቀር አይቻለሁ። ከፋብሪካ ታሽጎ የወጣ ደረቅ ነገር፣ እንደ ቆሎ፣ በሶና በርበሬ ያለው፣ ብዙውን ጊዜ ያልፋል። ከመርከቡ ገበታ ላይ ፍራፍሬ በቦርሳ ይዞ ወደ ወደብ መውረድ ግን ቅጣት ያመጣል። ስኳር ላለባቸው ወላጆች መድኃኒቱን ለሻንጣ ተሸካሚ በምትሰጡት ሻንጣ ውስጥ አትክተቱት፤ ሻንጣው ካቢን የሚደርሰው ከሰዓታት በኋላ ነው። ኢንሱሊን ካለም ካቢን ውስጥ ያለው ትንሽ ማቀዝቀዣ በቂ ላይሆን ስለሚችል ይህንንም አስቀድመን እንጠይቃለን።

አሁን ከሁለት ዓመት በፊት ወደ ሆነው ልምጣ። አንድ ቤተሰብ ሦስት ሳምንት ብቻ ለቀረው ጉዞ እጅግ የረከሰ ዋጋ አግኝቶ መጣ፤ እናትየው በዊልቸር የሚንቀሳቀሱ ነበሩ። ለዊልቸር የተሠሩት ካቢኖች አልቀው ነበር። በአንድ መርከብ ላይ ያሉት ጥቂት ናቸው፣ ቀድመውም የሚያልቁት እነርሱ ናቸው። «ችግር የለም፣ እኛ እንረዳቸዋለን» ሲሉኝ ሸጥኩላቸው። የተራ ካቢን በር ስፋቱ 58 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው፤ የአዋቂ ሰው ዊልቸር አብዛኛውን ጊዜ ከ60 ይበልጣል። ለዊልቸር የተሠራው በር 81 ሴንቲ ሜትር ያህል ሲሆን መታጠቢያውም ደፍ የለውም፣ በግድግዳው ላይ የሚያዝ ብረት አለው። እኒያ እናት ሳምንቱን ሙሉ ከበሩ እስከ አልጋው በልጆቻቸው ትከሻ ተደግፈው ገቡ፣ ወጡ። መተላለፊያው ላይ ዊልቸር ማቆም ስለማይፈቀድ ታጥፎ በአልጋውና በግድግዳው መካከል ይገባ ነበር።

ከዚያ የባሰው ጆርጅ ታውን ላይ ደረሰ። በካይማን ደሴቶች ትላልቆቹ መርከቦች ከባሕር ዳር አይጠጉም፤ ራቅ ብለው መልሕቅ ይጥሉና ተጓዡ በትናንሽ ጀልባ ይሻገራል። ባለፈው ዓመት ሚያዝያ የደሴቲቱ ሕዝብ የመርከብ ማረፊያ ይሠራ ወይ ተብሎ ድምፅ ሲሰጥ አብዛኛው አልፈለገም፤ ስለዚህ ነገሩ በቅርብ የሚለወጥ አይመስለኝም። በቤሊዝ ሲቲም ውኃው ጥልቀት ስለሌለው እንዲሁ ነው። በዚያን ዕለት ጆርጅ ታውን ላይ ማዕበል ስለነበረ ሠራተኞቹ ዊልቸሩን ወደ ጀልባው ማሳለፍ እንደማይችሉ ተናገሩ፤ እናትየውም «እናንተ ሂዱ፣ እኔ ከዚህ አያችኋለሁ» ብለው ከመርከቡ ላይ ቀሩ። ልጃቸው ይህን በስልክ ሲነግረኝ ድምፁ ይንቀጠቀጥ ነበር። ያገኘሁትን ኮሚሽን መለስኩለት፤ ቀኑን ግን መመለስ አልቻልኩም።

«ሕጉ መርከቡን ያስገድደዋል» ብላችሁ የጻፋችሁልን አላችሁ። እውነት ነው፤ በ2005 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የአካል ጉዳተኞች መብት ሕግ የውጭ አገር ባንዲራ በሚያውለበልቡና በአሜሪካ ውኃ ውስጥ ባሉ መርከቦች ላይም ይሠራል ብሎ ወስኗል። በዚህ ምክንያት ብዙ ነገር ተሻሽሏል። ይሁን እንጂ ያው ሕግ የሌላ አገር ወደብን አያዝም፣ የባሕሩንም ማዕበል አያቆምም፣ ያለቀውንም ካቢን አያመጣም። ወደብ ላይ የሚመጣው የዊልቸር ድጋፍም ለመሳፈርና ለመውረድ ብቻ ነው፤ በሳምንቱ ውስጥ ወላጃችሁን የሚያነሣ፣ የሚያጥብ ወይም የሚያለብስ ሠራተኛ መርከቡ የለውም። ስለዚህ የራስ ዊልቸር መያዝ ወይም እስከ ካቢን ድረስ ከሚያደርስ ድርጅት መከራየት፣ ሌሊትም አብሯቸው የሚያድር ሰው መመደብ ያስፈልጋል። በዊልቸር ለሚሄዱ ደንበኞቻችን ብዙውን ጊዜ ከባልቲሞር ተነሥቶ ወደ ቤርሙዳ የሚሄደውን የምንመርጠው አውሮፕላን ስለማያስፈልግና መርከቡ እዚያ ከማረፊያው ተጠግቶ ስለሚቆም ነው እንጂ፣ አንዳንዶቻችሁ እንደጠረጠራችሁት ኮሚሽኑ ስለሚበልጥ አይደለም።

ስለ 60 ዶላሩም ልናገር፤ ይህን መጻፍ ከሁሉ ይልቅ ይከብደኛል። ለእኛ የሚከፈለን ኮሚሽን የሚሰላው ከጉዞው ዋጋ ላይ ብቻ ነው፤ ከወደብ ክፍያና ከግብር ላይ ምንም አናገኝም፣ ጉዞው ቢሰረዝም እንዲሁ ባዶ እጃችንን እንቀራለን። ምግብም ካቢንም ማረጋገጥ ያለበት አንድ ጉዞ ስድስት ሰባት ሰዓት በስልክና በደብዳቤ ይወስዳል። ኪራያችን ጨምሯል፣ የኢንሹራንስና የካርድ ክፍያውም እንዲሁ። ያለነውም ሁለት ሰዎች ብቻ ነን። «እኔ ዊልቸር የለኝም፣ ለምን እከፍላለሁ» ያላችሁኝ ደንበኞች ጥያቄያችሁ ተገቢ ነው። ሕጉ ግን አካል ጉዳተኛን ለይቶ ማስከፈልን ይከለክላል፤ ባይከለክልም አላደርገውም፣ የጾመኛንም ገበታ ለብቻው ዋጋ አላወጣለትም። ለሁሉም እኩል ያደረግነው ለዚህ ነው። ዛሬ ጤነኛ ሆናችሁ የምትጓዙት፣ ነገ እናታችሁን ይዛችሁ ስትመጡ ለእናንተም ያንኑ ያህል ሰዓት እንሠራለን።

መርከቦች በመጋቢት 2020 በኮሮና ምክንያት ሲቆሙ፣ እስከ ቀጣዩ ዓመት ክረምት ድረስ አንድ የክሩዝ ትኬት አልሸጥንም። ያን ጊዜ የእያንዳንዳችሁን ገንዘብ ከኩባንያዎቹ ለማስመለስ ወራት ስንጽፍ ምንም አልጠየቅናችሁም፤ የቢሮውን ኪራይ የከፈልኩት ሌሊት ታክሲ እየነዳሁ ነው። በ2024 የባልቲሞሩ ፍራንሲስ ስኮት ኪ ድልድይ ፈርሶ መርከቦቹ ወደ ቨርጂኒያው የኖርፎክ ወደብ ሲዛወሩ፣ በአውቶቡስ መውጣት የማይችሉ ሁለት አዛውንቶችን ማንሻ ባለው መኪና ከራሳችን ኪስ ተከራይተን አመጣናቸው። ይህን የማነሣው ውለታ ለመቁጠር አይደለም። ግን ስግብግቦች ናችሁ የሚል መልእክት ሲደርሰኝ፣ እነዚህን ቀኖች የሚያስታውስ ሰው ቢኖር ብዬ ተመኝቻለሁ።

ከመጋቢት በፊት ቀብድ የከፈላችሁ ሁሉ አዲሱን ክፍያ አትከፍሉም። የመጋቢቱ ቅናሽ ያመለጣቸው ሦስት ቤተሰቦችም በሚቀጥለው ጉዟቸው አይከፍሉም፤ ዋጋውን መመለስ ባልችልም ይህን ማድረግ እችላለሁ። ወደ ሌላ ወኪል ለመሄድ የወሰናችሁም ካላችሁ አልቀየማችሁም፤ ብቻ የትም ብትሄዱ የካቢኑን በር ስፋትና መርከቡ መልሕቅ የሚጥልባቸውን ወደቦች ሳታውቁ ቀብድ አትክፈሉ። ብትቆዩልን ግን ደስ ይለኛል።

ለታኅሣሥ ወር የፈረንጆች ዕረፍት የምትጓዙ ጥያቄያችሁን እስከ ነሐሴ 15፣ ማለትም እስከ ኦገስት 21 ድረስ አድርሱን። ቅጹን በአማርኛ አዘጋጅተናል። ከልጆች ይልቅ ወላጆች ራሳቸው ቢያነጋግሩን እንመርጣለን፤ ልጅ «ሁሉን ይበላሉ፣ ደረጃም ይወጣሉ» የሚላቸው እናት፣ ስልኩን ሲይዙ ሌላ ነገር ይነግሩናልና። ቢሯችን ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ክፍት ነው። ስትመጡ ዊልቸሩን ከአንዱ ጎማ ውጫዊ ጠርዝ እስከ ሌላው ለክታችሁ፣ ስፋቱን በወረቀት ጽፋችሁ አምጡልን።

ከአክብሮት ጋር፣
የጉዞ ወኪል ቢሮው ባለቤት